ግድግዳዬ ላይ ጉንዳን የምታበራይ ሸረሪት አየሁ፤ ወገኗ ማነው?

የጠባሴ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ናችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ቤቱ የድሮ የጭቃ ቤት ነው፤ ምርጉ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። እኔ ተከራይ ነኝ። የኛን ብርድ ታውቁታላችሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ግድግዳ ሳይ አመሻለሁ።

ከአልጋዬ በላይ፣ ስንጥቁ አፍ ላይ፣ ነጭ ነገር ተለጥፎ ነበር። የአንድ ብር ሳንቲም ያክላል። መጀመሪያ የኖራ ፍንጣሪ መሰለኝ። በስልኬ ባትሪ ሳበራበት ለካ ድር ነው። እንደ ትንሽ ድንኳን ግድግዳው ላይ ተወጥሯል። ከሥሩ ሸረሪት ተኝታለች። ከጤፍ ትልቃለች፣ ከምስር ታንሳለች። ቀለሟ ገብስማ ነገር ነው፤ እግሮቿ ላይ ጠቆር ያሉ ቀለበቶች አሉ።

ትናንት ማታ አንድ ጉንዳን በዚያ በኩል ሲያልፍ አንዱን ክር ነካ። ሸረሪቷ ወጣች። እንደ ድመት ዘላ ትይዘዋለች ብዬ ስጠብቅ አልነካችውም። ቂጧን ወደ ጉንዳኑ አዙራ ዙሪያውን መሮጥ ጀመረች። በሬ አውድማ ላይ ሲያበራይ አይታችሁ የለ? ልክ እንደሱ። ዙር በዙር። ስምንት ድረስ ቆጥሬ ጠፋብኝ፤ ፍጥነቷ አይጣል ነው። ስትቆም ጉንዳኑ ግድግዳው ላይ ተሰፍቶ ቀርቷል። ከዚያ ቀረብ ብላ እግሩን ነከሰችው።

ዛሬ ገበያ ላይ አንድ የተባይ መድኃኒት ሻጭ ፎቶዋን አይቶ «ይቺማ ገዳይ ናት» ብሎ ሁለት ጣሳ ፍሊት አሸከመኝ። አልረጨሁትም። ገንዘቤ ግን ሄዷል። ስሟን የሚያውቅ አለ?

ሳቅ በሳቅ
እሑድ፣ ማታ 3፡22

አንዱን ጣሳ ለኔ ላክልኝ። እኛ ቤት ቁንጫው ኪራይ ሊጠይቀኝ ነው።

እትዬ ባና
እሑድ፣ ማታ 3፡41

ልጄ፣ አልጋህን ከግድግዳው አርቀው። ሸረሪት ሰው ላይ ከሸናች ውሃ የቋጠረ ቁስል ታወጣለች። እናቴ ሁሌ ትለን ነበር።

መምህር ከመሐል ሜዳ
እሑድ፣ ማታ 4፡15

እትዬ፣ የኔም እናት እንዲሁ ትለን ነበር። ያ ውሃ የሚቋጥር ቁስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ፍጥረት ነው። ቀይና ጥቁር የሆነች፣ ቀጭን፣ ክንፏ አጭር የሆነ ጥንዚዛ አለች። ፔዴረስ ትባላለች። ማታ መብራት አይታ ትመጣለች። አንገታችን ላይ ስታርፍ በእጃችን ስንጨፈልቃት ፈሳሿ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ጠዋት ስንነሳ ግድግዳው ላይ የምናየው ሸረሪቷን ነው፤ ጥፋተኛ ተብላ የምትቀረውም እሷ ናት።

አሁን ወደ ጠባሴው ልጅ። ወንድሜ፣ ሻጩ የሚያውቀው ፍሊት ነው። ሸረሪቷን ግን የሮጠችው ሩጫ ብቻ አጋልጧታል። ፎቶህንም አጉልቼ አየሁት። የፊት ክፍሏ ክብ ነው፤ ስፋቱ ከርዝመቱ ይበልጣል። ምጣድ በለው። ስምንቱም ዓይኖቿ በአንድ ቦታ ወደ መሐል ተሰብስበዋል። ድሩም ጠፍጣፋ፣ ዙሪያውን ክር የዘረጋ ነው።

ቤተሰቧ ኦይኮቢዴ ይባላል። ወገኗ፣ ማለትም በቤተሰቡ ሥር ያለው አነስ ያለ ምድብ፣ ኦይኮቢየስ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ቤት ውስጥ ኗሪ» እንደማለት። ወገኑን በ1846 የሰየመው ፈረንሳዊው ሉካስ ነው። ቤተሰብ አድርጎ ያቆመው እንግሊዛዊው ጆን ብላክዎል በ1862። በመላው ቤተሰብ ከ100 በላይ ዝርያ ይታወቃል፤ አብዛኛው በዚሁ በኦይኮቢየስ ሥር ነው።

ዝርያዋን ግን አትጠይቀኝ። ኦይኮቢየስ ናቩስ የምትባል አለች፤ ብላክዎል በ1859 ከማዴይራ ደሴት የገለጻት። ከሰው ዕቃ ጋር እየተጫነች ዓለምን አዳርሳለች። ያንተዋ እሷ ልትሆን ትችላለች፣ ላትሆንም ትችላለች። በፎቶ አይለይም። የሸረሪት ዝርያ የሚለየው በመራቢያ አካሏ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል።

ሮቢት ማንጎ
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ሰላም ከሸዋ ሮቢት። እዚህ ብርድ ልብስ አናውቅም ሃሃ።

መምህር፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። የማንጎ ችግኝ ልተክል ስቆፍር ጠፍጣፋ ድንጋይ ገለበጥኩ። ከሥሩ ወፍራም ነጭ ድንኳን ተሰቅሏል። ጫፎቹ ተወጥረው እንደ ኮከብ ተዘርግተዋል። ላዩ ላይ አሸዋና የጉንዳን ጭንቅላት ተንጠልጥሏል። ውስጡ ያለችው ሸረሪት ጥቁር ናት፤ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ነጥቦች አሉ። ትልቅ ናት፣ ባቄላ ታክላለች። ፎቶውን ለአንድ የሚያውቅ ሰው ስልክለት «ኦይኮቢዴ ናት» አለኝ። የጠባሴዋ ደግሞ ከምስር ታንሳለች አላችሁ። እንዴት ነው ሁለቱ አንድ ቤተሰብ የሚሆኑት? ዓይን ያለው ሰው ይፍረድ።

መምህር ከመሐል ሜዳ
ሰኞ፣ ቀን 6፡30

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሸረሪት ሊቃውንትም በዚህ ነገር ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ያንተ ከፎቶው ዩሮክቲያ ትመስላለች። ወገኑን በ1820 የሰየመው ሌዮን ዱፉር ነው። ሲያዩዋት ምንም የማይገናኙ ስለሚመስሉ ለብቻዋ ቤተሰብ ሰጥተዋት ነበር፤ ዩሮክቲዴ የሚባል።

ለመለየት የተጠቀሙበት ምክንያት መጠኗ አልነበረም። ወንፊት ነበር።

ልንገርህ። አንዳንድ ሸረሪቶች ከድር ማውጫቸው ፊት ትንሽ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አለቻቸው። ሰሌዳዋ በጣም ብዙ፣ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏት። ስሟ ክሪቤለም ነው፤ በላቲን «ትንሽ ወንፊት» ማለት ነው። ከዚያች ወንፊት የሚወጣው ድር እጅግ ቀጭን ነው። ሸረሪቷ የኋላ እግሯ ላይ የጸጉር ረድፍ አላት፣ ሚዶ በለው። በዚያ ሚዶ ድሩን እያበጠረች ታወጣዋለች። የሚወጣው ነገር የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። ሙጫ የለውም፤ ግን የነፍሳት እግር ከገባበት አይለቅም።

የጠባሴዋ ወንፊትም ሚዶም አላት። የሮቢቷ የላትም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጀርመናዊው ቤርትካው ይህችን ወንፊት ትልቅ መለያ አደረጋት። ወንፊት ያላቸው ወዲህ፣ የሌላቸው ወዲያ። ለብዙ አሥርት ዓመታትም እንደዚያ ሆነ። ኦይኮቢየስ እዚህ ክምር፣ ዩሮክቲያ እዚያ ክምር።

ችግሩ ምን መሰለህ? ወንፊት ካላቸው ሸረሪቶች ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ ወንፊቱ ይጠፋል ወይም ከሥራ ውጪ ይሆናል። ድር ዘርግቶ ማደን ትቶ ሚስት ፍለጋ ስለሚዞር አያስፈልገውም። እንግዲህ በወንፊት ብቻ ከፈረድን ባልና ሚስት ሁለት ቤተሰብ ሊሆኑ ነው።

በ1967 ፊንላንዳዊው ፔካ ሌህቲነን ወንፊት ያላቸውንና የሌላቸውን እያጣመረ አሳየ። ወንፊቷ ጥንታዊ ናት፤ ብዙ ዘሮች ነበረቻቸው፣ በየጊዜው፣ በየፊናቸው ጣሏት። የጣሉት ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። ከዚያ ወዲህ ዩሮክቲያ ወደ ኦይኮቢዴ ተመለሰች።

የመንዝ ሸማኔ
ሰኞ፣ ማታ 1፡50

መምህር፣ ነገሩ ገብቶኛል፤ ከኔ ሙያ ጋር ስለሚገናኝ ልጨምር።

እኛ ዘንድ የበግ ጠጉር በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ባና ይሆናል። አክስቴ ዕድሜ ልኳን ፈትላለች። ልጆቿ ግን አንዷም እንዝርት አታውቅም። ከሱቅ ያለቀለት ክር ይገዛሉ። ታዲያ ደጋኑ ከቤት ስለጠፋ ልጆቿ የሌላ ሰው ልጆች ሆኑ? ጎረቤታችንም እንዲሁ መፍተል ትታለች። ሁለቱም ስለተዉ ዘመድ ሆኑ ማለት ነው? መምህር ያሉት ይሄንን ነው።

ሌላም ልበል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሁሉም ሰው የሸረሪት ድር እያለ ይሥላል። ተረቱ የኛ ነው። ድር ማለት ከማግ ጋር የሚሄደው፣ ሸማ ላይ ቁልቁል የሚወጠረው ክር ነው።

ሳቅ በሳቅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡02

ጋሼ፣ የሸረሪትም ቢሆን እኮ ያስራል። የጠባሴው ጉንዳን ይመስክር።

የመንዝ ሸማኔ
ሰኞ፣ ማታ 2፡09

ጉንዳን አንበሳ አይደለማ!

ጥርጥር
ሰኞ፣ ማታ 3፡35

ይቅርታ፣ እኔ አልተዋጠልኝም። ወንፊት ስለሚጠፋ አይታመንም አላችሁ። እሺ። ታዲያ ዙሪያውን መሮጡስ? እሱም በሁለት ቦታ ለየብቻ ሊጀምር አይችልም? አንዱን መለያ ጥላችሁ ሌላውን ስትይዙ ምርጫው በምንድነው? የወደዳችሁትን መያዝ እንዳይሆን።

መምህር ከመሐል ሜዳ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

በሩጫው ብቻ ከሆነ ልክ ነህ። ስለዚህ ሩጫው በምን መሣሪያ እንደሚሠራ እንይ።

የጠባሴው ልጅ «ቂጧን ወደ ጉንዳኑ አዙራ» ብሏል። ጥሩ አድርጎ አይቷል። በሁለቱም፣ በትንሿም በትልቋም፣ ፊንጢጣቸው ላይ ያለው ጉብታ ከሌላው ሸረሪት ሁሉ የተለየ ነው። ትልቅ ነው፣ ዙሪያውን ረጃጅም ጸጉሮች ተሰልፈውበታል። እንደ ጭራ ዝንብ መከላከያ አስበው። ሸረሪቷ ስትዞር ከኋለኛው ድር ማውጫዋ የሚወጣውን ድር በዚያ ጸጉር እየጠረገች ታወጣና እንደ መጋረጃ ጉንዳኑ ላይ ትጥለዋለች። ይህ ጉብታ፣ ከአጠገቡ ያለው ረጅም ድር ማውጫ፣ ክቡ የፊት ክፍል፣ የዓይኖቹ መሰብሰብ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። አንዱ በአጋጣሚ ሊመሳሰል ይችላል። አራቱም በአንድ ላይ በአጋጣሚ መጡ ማለት ይከብዳል። ለዚህ ነው ወንፊቷ የተረታችው፤ እሷ ብቻዋን ነበረች።

ሩጫውን በተመለከተ ግን ጥርጣሬህ ቦታ አለው። ሄርሲሊያ የምትባል ሸረሪት አለች። ዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፋ ትውላለች፣ ቀለሟ ከቅርፊቱ አይለይም። ሁለት ረጃጅም ድር ማውጫዎች እንደ ጭራ ወደ ኋላ ይወጡባታል። እሷም ዙሪያውን ትሮጣለች፣ እሷም ጀርባዋን ሰጥታ። ቤተሰቧ ግን ሌላ ነው፣ ሄርሲሊዴ። ብዙዎች በዚህ የተነሳ የአጎት ልጅ ናት ይሏታል።

የዘር ቅንጣት (ዲ ኤን ኤ) ጥናትም አለ። በ2017 ከ900 በላይ የሸረሪት ዝርያዎችን ያነጻጸረ ትልቅ ሥራ ወጥቶ ነበር። ኦይኮቢዴና ሄርሲሊዴ እዚያም ተቀራርበው ተገኙ። ያስገረመው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ዩሎቦሪዴና ዴይኖፒዴ የሚባሉ፣ ድራቸውን አየር ላይ የሚሠሩ። ዩሎቦሪዴዎች ደግሞ መርዝ የሚያመነጭ ዕጢ እንኳ የላቸውም፤ ያደኑትን በድር ጠቅልለው ነው የሚጨርሱት። አራቱን ቤተሰቦች በመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ገጣጥመው አንድ ስም ሰጧቸው። እርስ በርስ ያላቸው ቅደም ተከተል ላይ ግን እስከዛሬ ይከራከራሉ።

ጥርጥር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡44

«እሷ ብቻዋን ነበረች» የሚለው አሳመነኝ። የዘር ቅንጣቱ ሳይሆን እሱ።

ሮቢት ማንጎ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

እኔንም። ድንጋዩን መልሼዋለሁ። ችግኙን ፈንጠር አድርጌ ተከልኩ።

አንኮበሬ
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡12

በዚህ ውይይት እስካሁን የአንኮበር ስም አለመነሳቱ ይገርማል።

ልጥ ማረፊያን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአንኮበር ወረድ ብሎ ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚባል ሽማግሌ እዚያ ሆኖ ወፍ፣ ነፍሳት፣ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስብ ነበር። በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1883፣ ፒዬትሮ ፓቬሲ የሚባል ጣሊያናዊ በጄኖቫ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ላይ ስለ «ሸዋ መንግሥት» ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸው ብቻ ሰፊ ሥራ አሳተመ። ከመቶ ገጽ በላይ ነው። እኛ ሸረሪት ጠርገን ስንጥል እነሱ በብልቃጥ ይዘው ሄደዋል።

ስም ስለመቀያየር ደግሞ የኛን ወፍ ጠይቁ። ገደሉ ላይ የምትኖር ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ በአንኮበር ስም የተጠራች። በ1979 ጆን አሽ ሲገልጻት ወገኗ ሴሪነስ ተባለ። አሁን ክሪታግራ ነው። ወፏ ግን ገደሏ ላይ ናት። ጭላዳም እንደዚሁ። በ1835 ሩፔል ሲገልጸው ማካከስ ነበር ያለው፣ ከእስያ ጦጣዎች ጋር ደርቦ። በኋላ ቴሮፒቴከስ የሚል የራሱ ወገን ተሰጠው።

ሳቅ በሳቅ
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡30

1883 በኛ ነው በነሱ? በኛ ከሆነ ደርግ ገና አልመጣም።

አንኮበሬ
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡34

በነሱ! በዚህ ውይይት ያለው ዓመት ሁሉ በነሱ ነው። ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ተረጋጋ።

ደቂቀ ሰዋስው
ማክሰኞ፣ ማታ 12፡20

አንድ ትንሽ እርማት። «ቤተሰብ» እያላችሁ ነው። ይህ የባዕድ ቃል ቀጥታ ትርጉም ነው። በአማርኛ የሥነ ሕይወት ጽሑፍ ደረጃው «አስተኔ» ይባላል። ዝርያ፣ ወገን፣ አስተኔ፣ ክፍለ መደብ፣ መደብ። ያለንን ቃል እንጠቀም እንጂ።

መምህር ከመሐል ሜዳ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡05

ልክ ነዎት። ክፍል ውስጥ «አስተኔ» ስል ግን ተማሪዎቹ የሰው ስም ይመስላቸዋል። አንዷ ተማሪ «አስተኔ ማን ናት?» ብላኝ ታውቃለች። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ አስተኔ እጽፍና በአፌ ቤተሰብ እላለሁ።

የዓለም ከተማ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡18

ከመርሐቤቴ ሰላም። አስተኔም ይሁን ቤተሰብ፣ ምድቡ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የኛን አገር ታሪክ ልንገር።

ዓለም ከተማ አካባቢ፣ ወንጪት ሸለቆ ውስጥ፣ የጥንት የዛፍ ሙጫ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። አምበር የሚሉት። በ2010 ስለሱ ትልቅ ጥናት ወጣ። ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተባለ። ውስጡ ጉንዳን አለ፣ ሸረሪት አለ፣ ሌላም ብዙ ደቃቅ ነገር አለ። የአፍሪካ የመጀመሪያዋ ጉንዳን ተብሎ ተወራ። ደስ ብሎን ነበር።

ቆይቶ ጉንዳን የሚለዩ ሰዎች ቀርበው ሲያዩ፣ አንዷ ጉንዳን ዛሬም በአፍሪካ ዛፍ ቅርፊት ውስጥ ከምትኖር ወገን ሆነች፣ ሜሊሶታርሰስ ከምትባለው። 95 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ሳትለወጥ? አጠራጠረ። ሌላውም ማስረጃ እየተደመረ ዕድሜው ተከለሰና ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ወረደ። የድንጋዩን ዕድሜ ያሳጠረችው ጉንዳን ናት ማለት ይቻላል። ወገኗን በትክክል የሚያውቅ ሰው ባይኖር እስከዛሬ በ95 ሚሊዮን እንፎክር ነበር።

ጥርጥር
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ከ95 ወደ 20። የኛን ሰፈር ሽማግሌ ዕድሜ ይመስላል፣ ግን በተቃራኒው።

መምህር ከመሐል ሜዳ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

የኦይኮቢዴ ዘመዶች በአምበር ውስጥ ተገኝተዋል፤ 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው በምያንማሩ ውስጥም። ያን ጊዜ ግድግዳ የለ፣ ምርግ የለ። ድንጋይና ቅርፊት ላይ ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ቤት የሠራንላቸው እኛ ነን።

የጠባሴ ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡55

እናንተ ስትከራከሩ እኔ ቤት ጉድ ሆነ። አከራዬ ትናንት ሳልኖር ገብታ ግድግዳውን በኖራ ለቅልቃዋለች። ለበዓል ነው፣ መልካም አድርጋለች፣ ነገሩ ግን ሸረሪቷ ከነድንኳኗ ጠፋች። ትናንት ማታ ግድግዳው ወለል ብሎ ነጭ ሆኖ ሳየው ከፋኝ። ስቀው ይሆናል አንዳንዶቻችሁ።

ዛሬ ግን መስኮቱ ሥር፣ ኖራው ያልደረሰበት ጥግ ላይ፣ አዲስ ድንኳን ተወጥሯል። ያቺው ትሁን ሌላ አላውቅም። ከሷ በአንድ ክንድ ርቀት ሁለት ሌሎች ድንኳኖችም አሉ፤ ከዚህ በፊት አላየኋቸውም። እንዲህ ተጠጋግተው አይጣሉም?

መምህር ከመሐል ሜዳ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡20

አብዛኞቹ ጎን ለጎን ቢሆኑም ለየብቻ ነው የሚኖሩት። ግን በሜክሲኮ አንዲት ዝርያ አለች፣ ኦይኮቢየስ ሲቪታስ። ሲቪታስ ከተማ ማለት ነው። ከድንጋይ ሥር ብዙ ሆነው ይኖራሉ፣ እያንዳንዷ የራሷ ጎሬ አላት። አንዷ ከጎሬዋ ስትባረር ሮጣ ጎረቤቷ ቤት ትገባለች። የቤቱ ባለቤት አትጣላም፤ ዝም ብላ ወጥታ የሌላዋ ቤት ትገባለች። ያቺም ትወጣለች። እንዲህ እየተገፋፉ ድንጋዩን ሙሉ ያዳርሳሉ።

የጠባሴ ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡24

ይሄማ የደብረ ብርሃን ተከራይ ነው። እኔ ራሴ በሁለት ዓመት አራት ጎሬ ቀይሬያለሁ።

እትዬ ባና
ረቡዕ፣ ማታ 3፡50

አይዞህ ልጄ። ፍሊቱንስ ምን አደረግኸው?

የጠባሴ ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

አልጋ ሥር አለ፣ እትዬ። ሳቅ በሳቅ መጥቶ ይውሰድ። ሁለቱንም።

መምህር፣ ዝርያዋን ማወቅ ብፈልግ ምን ላድርግ? የእውነት ነው የምጠይቀው።

መምህር ከመሐል ሜዳ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡15

አፏ የሚዘጋ ትንሽ ብልቃጥ አግኝ፣ የመርፌ መድኃኒት የሚመጣባት ዓይነት። ከ70 እስከ 80 በመቶ የሆነ አልኮል ጨምርባት። ወረቀት ቆርጠህ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን በእርሳስ ጻፍና ወረቀቷን ከነሸረሪቷ ውስጥ ክተት። በእርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ቦታና ቀን ከሌለው ሸረሪቷ ለማንም አትጠቅምም። በመጪው ሳምንት ደብረ ብርሃን ስለምወርድ እቀበልሃለሁ፤ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አለን።

የበሰለ ወንድ ብታገኝ ይመረጣል። የዚህ ወገን ዝርያዎች በብዛት የሚለዩት በሱ ነው።

ሳቅ በሳቅ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡18

አረቄ አይሆንም?

መምህር ከመሐል ሜዳ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡21

ውሃው ይበዛበታል፣ ትበሰብሳለች። ደግሞ ብልቃጧ በሰላም መንገድ አትጨርስም።

የጠባሴ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡05

ብልቃጥ አገኘሁ። አጥቤ አድርቄዋለሁ። ወንድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መምህር ከመሐል ሜዳ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

ከፊቱ፣ አፉ አጠገብ፣ ሁለት አጫጭር እጅ መሰል ነገሮች አሉ። የሴቷ እስከ ጫፍ ቀጭን ነው። የበሰለ ወንድ ጫፉ ያበጠ ነው፣ እንደ ዘነዘና። ሰውነቱም ብዙ ጊዜ ከሴቷ ያንሳል፣ እግሩ ይረዝማል። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በስልክህ አጉልተህ እየው።

የጠባሴ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡48

አየሁት። ከመስኮቱ ሥር ያለችው ድንኳን ጫፍ ላይ አንድ ትንሽዬ ቆሟል። ሁለቱም ጫፎች አብጠዋል። እግሩን አንስቶ ክሩን ይነካና ይቆማል፣ ይነካና ይቆማል። እሷ ከውስጥ አልወጣችም፣ አላባረረችውምም። ድንኳኑ ግን አንድ ሁለቴ ነቅነቅ አለ።

ብልቃጡ እጄ ላይ ነው፣ አልኮሉም ተሞልቷል። መምህር፣ እስከ ቅዳሜ ቢቆይ ችግር አለው?